ጸበል የገባው ስልክ

ስልኬ ጥምቀተ ባሕሩ ውስጥ የወደቀው የአባቴን ፊት ስቀርጽ ነው።

ለራሴ ቢሆን አልደክምም ነበር፤ የአባቴን ፊት በየቀኑ አየዋለሁ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥተው። የምቀርጸው ለእህቴ ለየሺመቤት ነበር። ዓረብ አገር ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። በደወለች ቁጥር «ማስተዋል፣ የአባን ፊት አሳዪኝ» ትለኛለች፤ አባቴ ግን ስልኩ ሲጠራ ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እሳቸው ማኅሌት ቆመው ሳለ፣ ሳትነግራቸውና ሳትመረቅ ከሰቆጣ ስለወጣች ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረ አምላክ «ከእሷ ጋር አልነጋገርም» አሉ፤ አልተነጋገሩም። ከሄደች ወዲህ በስሟም ሆነ በክርስትና ስሟ በወለተ ገብርኤል ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም።

በከተራ ቀን የሺመቤት በሰው ስልክ ደወለችልኝ። ከአሠሪዎቿ ቤት አምልጣ መጠለያ ገብታለች፤ ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች ዝርዝር ደግሞ በማግስቱ ይዘጋል። ፓስፖርቷን አሠሪዎቿ ደብቀውባታል። ቁጥሩን፣ የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን ከተናገረች ይመዘግቧታል፤ ካልተናገረች ቀጣዩ ዝርዝር መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፣ አሠሪዎቿም እየፈለጓት ነው።

«ነገ ልክ ዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ» አለችኝ። «አንዴ ብቻ ነው የሚፈቅዱልኝ። በእናትሽ፣ ቁጥሩን ይዘሽ ጠብቂኝ።»

ከመሄዷ በፊት ፓስፖርቷን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ሌላ ቦታ የለም። ደውላ ሳለች ልከፍተው ስል መስመሩ ተቋረጠ። ያን ዕለት ወረቀት ላይ መገልበጥ ነበረብኝ፤ የመሪጌታ ቤት ነው፣ ብዕርና ወረቀት ሞልቷል። ስልኬ ውስጥ አለ ብዬ ተኛሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባሕሩ ተባርኮ ውኃው በጎማ ይረጭ ጀመር። ከገንዳው ጠርዝ ተንጠራርቼ አባቴን ስቀርጽ ከኋላዬ ያለው ሰው ገፋኝ። ስልኩ አመለጠኝና ጠለቀ። ጮኽኩ። ከሁሉም ቀድመው የጎነበሱት አባቴ ነበሩ፤ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ውኃው ውስጥ ከተቱና አወጡት። ስክሪኑ ገና እንደበራ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ልጠርገው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይው! ጸበል ይጠረጋል እንዴ? በራሱ ይድረቅ።»

እኛ ቤት ጸበል የተረጨ ፊት አይጠረግም፤ ከልጅነታችን የተማርነው ነው። ስለ የሺመቤት ጥሪም ገና አልነገርኳቸውም። ዙሪያውን የቆሙት ካህናት እያዩኝ «እሺ አባ» አልኩ። ባትሪውን ወዲያው ማውጣት ሲገባኝ የሚንጠባጠበውን ስልክ እንደ ጽዋ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለና ጠፋ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ቁና አነሳች። «ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሩዝ የለንም፣ ጤፍ አለ። እንዲያውም ጤፍ ይሻላል፣ የትም ይገባል።»

እውነቷን ነበር፣ የትም ገባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳወጣው ቻርጀሩ የሚሰካበት ቀዳዳ በእርጥብ ጤፍ ተደፍኗል። ክዳኑን ስከፍት ባትሪው ሥር ሳይቀር ጤፍ ተጣብቋል። በመርፌ ልነቅል ስሞክር ይብስ ወደ ውስጥ ገባ። ሲም ካርዱን አውጥቼ በእናቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ከተትኩት። የእህቴ ጥሪ አይቀርም ማለት ነው። ፎቶው ግን በሲም አይተላለፍም።

ሰቆጣ ውስጥ ለዚህ የማምነው ጠጋኝ ቢያዝን ነው። ያገኘሁት ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ ሲያነጥፍ ነበር። ከኋላ ይጠቀልላል፣ ሮጦ ከፊት ይዘረጋል። አብሬው እየሮጥኩ ነገርኩት።

«ሚሞሪ ካርድ አለው?»

«የለውም።»

«ጤፍ ውስጥ ነው የከተታችሁት?» ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። «ማስተዋል፣ ታቦቱ ሳይገባ ሱቅ ልክፈት? ምንጣፉንስ ለማን ልስጥ?»

ታቦቱ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ሄዶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በየመስቀለኛው ይቆማል፣ ይዘመራል፣ እልል ይባላል። እኔም እልል አልኩ፤ በየእልልታው መሀል ግን ፀሐይዋን ቀና ብዬ አያለሁ። ሲገባ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ቢያዝን ሱቁን ከፍቶ ስልኩን በታተነው። ጤፉን በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀመ። የሚያጥብበት ስፒርት አልቆበታል፣ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። «ዳግም አረቄ ካለ ይሠራል» አለ። ለበዓሉ የተቀመጠ ስለነበረን እናቴ ጠርሙሱን ይዛ መጣች። ቢያዝን የጥርስ ብሩሽ በአረቄ እየነከረ የስልኩን ሆድ አጠበ። መብራት ስለሌለ የሚያደርቅበት ማሽን አይሠራም፤ ቦርዱን ከደጅ ፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይ አሰጣው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

አባቴ የመጡት ያኔ ነው፤ ካባቸውን እንደለበሱ፣ እህል ሳይቀምሱ።

«ምን እየሆናችሁ ነው?»

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «ልጅዎ መጠለያ ውስጥ ናት! ዛሬ ካልተመዘገበች ትቀራለች! ቁጥሯ እዚህ ውስጥ ነው፣ እርስዎ አይጠረግ አሉኝ!» በአባቴ ላይ በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። እናቴ አፌን ልትይዘኝ ተነሳች።

አባቴ ሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጡና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ቢያዝን ዳዊት ሳይጨርስ የጠፋ የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ «የኔታ፣ ፀሐይ ላይ ነዎት፣ ወደ ውስጥ ይግቡ» አላቸው። አልተነቃነቁም።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ቢያዝን ገጣጠመው። የእኔ ባትሪ አብጦ ስለነበር የራሱን ስልክ ባትሪ አውጥቶ ከተተልኝ። በዚህ የተነሳ ሱቁ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ የሚሠራ ስልክ አልቀረም። ቁልፉን ተጫነው። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ወጣ፣ ከዚያ በራ።

«ፍጠኚ፣ ብዙ አይቆይም!»

ፎቶዎቹን ከፍቼ ወደ ታች ሳብኩ። የሁለት ዓመት ሠርግ፣ ክርስትና፣ ፍየል፣ ሁሉም አለ። ጣቴ በላብ ስለራሰ አልታዘዝ አለኝ። አገኘሁት። «ወረቀት!» አልኩ። የቢያዝን እስክሪብቶ ደርቋል፤ እናቴ ጎረቤት ልትጠይቅ ሮጣ ወጣች። ስክሪኑ መርገብገብ ጀመረ፤ ጮክ ብዬ ማንበብ ያዝኩ። ቁጥሩን፣ የተሰጠበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀን አንዴ አነበብኩ። ልደግመው ስል ስክሪኑ ጠፋ። ቢያዝን ቢጫን፣ ቢነቅል፣ ቢሰካ፣ በቃ፣ አልበራም።

«ሁለት ዘጠኝ ነው ያልሽው ዘጠኝ ሁለት?» አለኝ።

አላወቅኩም። ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ፍርሃቱ ግን ከአእምሮዬ አጥቦታል። እናቴ እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች፤ የምጽፈው አልነበረኝም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚህ መሀል የእናቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ጠራ።

እናቴ ለእኔ ዘረጋችው። አባቴ ተነሥተው ከእጇ ወሰዱት።

ሠላሳ ዓመት ዜማና ቅኔ አንዴ ሰምተው ሲይዙ፣ ሲያስይዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ጻፊ» አሉ። «ኢ፣ ፒ። ስድስት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሦስት።» ፊደሎቹን ምን እንደሆኑ አያውቋቸውም፤ በጆሯቸው እንደገቡ ነው የመለሷቸው። ሁለቱን ቀኖች አስከተሉ፤ በእያንዳንዱ ቁጥር መቋሚያቸውን መሬት ያስነኩ ነበር። «አሁን ድገሚልኝ።»

ከስልኩ የየሺመቤት ድምፅ እየተቆራረጠ ወጣ። «ኢ ፒ፣ ስድስት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሦስት...»

መቋሚያው መሬቱን መታ። «ሰባት ሁለት ጊዜ ነው። ከመነሻው ጀምሪ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አባ?» አለች። «እርስዎ ነዎት?»

የአባቴ እንባ በጢማቸው ላይ ወረደ። አልጠረጉትም።

«እኔ ነኝ፣ ወለተ ገብርኤል። ድገሚው፣ ልጄ።»

ደገመችው። አንድም አልሳተችም።