በግ ዳባሹ ምንይሉ ላፕቶፕ ሲገዛ

ከዚህ በታች ካለው ውስጥ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ የመንዝ ውርጭ ባና ሳልደርብ ያግኘኝ። እውነት ነው፤ ያውም ተነፍቶ ተበጥሮ የወጣ እውነት።

የሞላሌው በግ ነጋዴ ምንይሉ ዓይኑን ጨፍኖ ላት ይዳብስና የበጉ እናት ማን እንደነበረች ይናገራል። ሰባት ወረዳ ያውቀዋል። በጎቹ ራሳቸው ሲያዩት ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። እንዲህ ያለ ሰው ግን ሰሞኑን ጨንቆታል። ኮሌጅ የቤት ንድፍ የምታጠናው ልጁ ኮከብ የመመረቂያ ሥራዋን በአሥር ቀን ውስጥ ማስረከብ አለባት። በውሰት የያዘችው ላፕቶፕ ደግሞ የንድፏን ሥዕል በከፈተች ቁጥር እንደ እልኸኛ አህያ ቀጥ ይላል። ካላስረከበች ዓመቱ ባከነ። በእጃቸው ያለው የአራት በግ ዋጋ፣ አርባ ሺህ ብር ብቻ ነው። ተሳስተው ቢገዙ ሌላ የሚሸጥ በግ የለም።

ቅዳሜ ዕለት ምንይሉ ከሚስቱ ከጌታነሽና ከኮከብ ጋር መሐል ሜዳ ከተማ፣ ላፕቶፕ ሻጩ አብዱልሰላም ሱቅ ደረሰ። ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ ከራቤል እስከ ዘመሮ ያለ ሰው ሱቁን ከቦ ይጠብቃል። ዛፍ ላይ የወጣም ነበር።

አብዱልሰላም ሦስት ላፕቶፕ ደረደረ።

“ይሄ አዲስ ነው ጋሽ ምንይሉ፣ ካርቶኑ አሁን ነው የተከፈተው። ይሄኛው ያገለገለ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን ፈጣን ነው። ሦስተኛው ፕሮሰሰሩ ትንሽ አርጅቷል፤ ግን የራሱ ግራፊክስ ካርድ አለው።”

“ዋጋስ?”

“ሁለቱ አርባ አርባ ሺህ። ባለ ግራፊክሱ አርባ አምስት።”

ምንይሉ አዲሱን አነሳ። ስስ ነው፤ ያብለጨልጫል። ጀርባውን ዳበሰና ከንፈሩን መጠጠ። “ጠጉሩ አምሮ ሥጋ የሌለው በግ ስንት አይቻለሁ!”

“ጋሼ፣ ላፕቶፕ እኮ በዳበሳ አይታወቅም።”

“አንተ ዝም በል! በግ ሳይሄድ አይገዛም። በል ንዳልኝ!”

ኮከብ ሥዕሏን በፍላሽ ይዛ ነበርና በሦስቱም ላይ ከፈተችው፤ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። አዲሱ ገና ደጃፉ ላይ ደነዘዘ። ሁለተኛው ቶሎ ከፈተው፤ ቤቱን አዙር ስትለው ግን ተንቀረፈፈ። ሦስተኛው ለመክፈት ጥቂት ዘገየ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ እንደ እንዝርት ሾረ።

ምንይሉ የሦስተኛውን ሆድ ነካ፤ ወዲያው እጁን አሸሸ። “ትኩሳት አለው! የታመመ በግ ልትሸጥልኝ ነው?”

“እየሠራ እኮ ነው ጋሼ! እርስዎስ ሲያርሱ አያልብዎትም?”

ይሄኔ ምንይሉ ነገሩ በራለት። ጠረጴዛ ላይ ወጣና ሕዝቡን አስተማረ። “ስሙ! ፕሮሰሰር ቀኝ በሬ ነው፣ ግራፊክስ ግራ በሬ። ደብዳቤ ለመጻፍ አንዱ ይበቃል። ቤት አቁሞ ለማዞር ግን ጥማድ ይፈልጋል! አንበሳ ከሚያህል አንድ በሬ፣ የተጣመዱ ሁለት መካከለኞች ይሻላሉ!”

ሕዝቡ እልል አለ። አብዱልሰላም እንባውን እየጠረገ፣ “እንዲህ ያለ አዋቂ በዕድሜዬ አላየሁም” ብሎ አምስቱን ሺህ ቀነሰ። ቦርሳም መረቀላቸው።

በማግሥቱ ጎረቤት “እንኳን ደስ አላችሁ” ሊል ሲሰበሰብ ምንይሉ ይህንኑ ልክ እኔ እንደጻፍኩት ተረከ። ኮከብ ጥግ ይዛ ቤቷን እያዞረች መስኮት ትጨምርበታለች፤ ላፕቶፑ አንዴም አልቆመባትም። የበግ ጠጉር የምትፈትለው ጌታነሽ ቀና ሳትል ቀስ ብላ ተናገረች።

“ምንይሉ፣ አንተ’ኮ ወደ ሱቁ ውስጥ አልገባህም። በግ ተራ ስትዳብስ ውለህ መጣህና በር ላይ ቆመህ ‘ቀጭኑ ያምራል፣ እሱን ውሰዱ’ ነው ያልከው። የበሬውንም ምሳሌ ኮከብ ናት ለእኔ እንዲገባኝ ያመጣችው። ዋጋውንም እሷ ናት ያስቀነሰችው፤ ባትሪው መድከሙን አሳይታ፣ ‘እኔ ሶኬት ላይ ሰክቼ እሠራለሁ፣ ቀንስልኝ’ አለችው። ደግሞ ሱቁ ውስጥ ከእኛና ከአብዱልሰላም በቀር ማንም አልነበረም።”