አርባ አምስትን ያየው ሸማኔ

ጨንቻ ውስጥ ድንጉዛ የሚባለውን የጋሞ ባህል ልብስ በመሥራት ኦይታን የሚያህል አልነበረም። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ጥለት ከእጁ ሲወጣ አንዱ ካንዱ ዝንፍ አይልም። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ዘጠኝ ዓመት ነጭ ሸማ ሠርቶ ስለተመለሰ አማርኛውም የተባ ነው። የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመ ዕለት ሊቀመንበሩ ደግፌ ቀድሞ የመዘገበው እሱን ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኦይታ ለሰው ያልነገረው አንድ ጉድ ነበረው። ቀይና ጥቁር ክር አይለይም። ቢጫው ፍንትው ብሎ ይታየዋል፤ ሁለቱ ግን ለእሱ አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ሻሺቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ብትሆን ተነግሯት አይደለም። ገና እንደተጋቡ ከቀዩ ክር ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ከጥቁሩ ላይ ሁለት ቋጠሮ ማሰር ጀመረች። እሱ ለምን ብሎ አልጠየቃት፤ እሷም አላብራራች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖሩ።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሦስት ምሁራን ከአርባ ምንጭ ዳገቱን በላንድሮቨር ወጥተው ጨንቻ ገቡ። አበጋዝ የዓይን ሐኪም፣ ዘካሪያስ የሥነ ልቦና መምህር፣ የሺመቤት ደግሞ የቋንቋ አጥኚ ናቸው። ሰው ያየውን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያውቀው ለማጥናት ተባብረው የመጡ ናቸው። ከቀለም ጋር ውሎ የሚያድር ሰው ይሻላል ብለው ሸማኔዎቹን መረጡ።

ኦይታ ወሬውን ሲሰማ ሮጦ ደግፌ ዘንድ ሄደና፣

“ጫኖ ያለችው እህቴ ታማብኛለች፤ ልሂድ” አለው።

“ትናንት ገበያ አግኝቻት የለም እንዴ! ከእኔም ከአንተም በላይ ጤነኛ ናት። በል ግባና ተቀመጥ።”

የማኅበሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ፈትል ሊያስረክቡ የመጡት ሴቶችም በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ሻሺቱም መካከላቸው አለች። አበጋዝ አንድ መጽሐፍ ገለጠ። ገጹ ሁሉ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ነው፤ ከነጠብጣቡ መሀል ቁጥር ተደብቋል። ካሱ የሚባለው ሸማኔ ቀረበና “ስምንት!” አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እንዲሁ አሉ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ብቻ ሁሉም “ይሄስ ባዶ ነው” እያሉ አለፉት።

የኦይታ ተራ ደረሰ።

“ምን ይታይዎታል?” አለው አበጋዝ።

“ጤፍ የተደፋ ይመስላል።”

ሁለተኛውም ገጽ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነበት። ኋላ የተቀመጡት ማንሾካሾክ ጀመሩ። ይሄኔ ሐኪሙ ያን ባዶ የተባለውን ገጽ ገለጠለት።

“አርባ አምስት” አለ ኦይታ። ቁጥር ያወቀው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እርግጠኛ ለመሆን በጣቱ ተከተለው። “ይኸው፣ እዚህ ጋ አራቱ፤ እዚህ ጋ አምስቱ።”

ካሱ ዓይኑን አጨንቁሮ ተጠጋና “ኧረ ምንም የለም!” አለ።

“አለ” አለ አበጋዝ ከመቀመጫው እየተነሣ። “ይህን ገጽ የሚያነቡት ቀለም እንደ ሌላው ሰው የማይለዩ ሰዎች ናቸው። እኔም አይታየኝም።”

 ደግፌ አላስቻለውም፤ “ቀለም የማይለይ? ይህ ሰው እኮ የድንጉዛችን ጌታ ነው!”

“በሽታ አይደለም፤ ዓይናቸው ሲፈጠርም እንዲህ ነው” አለ አበጋዝ።

ዘካሪያስ ቀበል አድርጎ፣ “ታዲያ እንዴት ይሠራሉ? ማየት በዓይን ብቻ አያልቅም ማለት ነው። አእምሯቸው ሌላ ምልክት ይዟል” አለ።

“እኔን የገረመኝ ‘ቀይ’ የሚለውን ቃል እንደኛው በቦታው እየተናገሩ እዚህ መድረሳቸው ነው” አለች የሺመቤት። “ቃሉን ያገኙት ከሰው ነው እንጂ ከዓይናቸው አይደለም።”

ሦስቱም ወደ ኦይታ ዞሩ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ክሩን በዳሰሳ እለየዋለሁ ቢል ማን ይከራከረዋል? ነገር ግን ሻሺቱን አያት። አንገቷን ደፍታለች። በእሷ ልፋት እሱ ሲመሰገንበት የኖረው ዓመት ሁሉ ከበደው።

“ምልክቱ እሷ ናት” አለ በእጁ እያመለከተ። የቋጠሮውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ።

“እርስዎስ በምን አወቁ?” ብላ የሺመቤት ሻሺቱን ጠየቀቻት።

ሻሺቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። “ሊያጨኝ የመጣ ዕለት ሻሽ ይዞልኝ መጣ። ‘እንደ በርበሬ የቀላ ነው’ አለኝ። ብዘረጋው ከሰል! እናቴ ‘ማን ሞቶ ነው?’ ብላ ጮኸች። ፊቱን ሳየው ግን የሚቀልድ ሰው ፊት አይደለም። አሰርኩት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ!”

ኦይታ ወደ እሷ ዞረ። “ጥቁር ነበር እንዴ?”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሙ እንኳ መጽሐፉን አጥፎ ሳቀ።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንደዚያ ደስ ብሎህ ሳለ፣ ምን ብዬ?”

ምሁራኑ አራት ቀን ቆይተው ባልና ሚስቱን ሲጠይቁና ሲጽፉ ሰነበቱ። ሲሄዱም የሚያየው ዓይን ነው፣ አእምሮ ነው፣ ወይስ ቃል ነው እያሉ ገና ይከራከሩ ነበር። ኦይታ መኪናው ድረስ ሸኝቷቸው ከመካከላችሁ ልክ ማን ነው ቢላቸው፣ ዘካሪያስ “ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ይዘናል” ሲል መለሰለት።

ደግፌም በሳምንቱ ሻሺቱን በማኅበሩ መዝገብ ላይ በክር መራጭነት ጻፋት። እስከዚያ ድረስ ሴት ፈትል አስረክባ ትሄዳለች እንጂ አባል ሆና አታውቅም ነበር። በዚያ ሰሞን ነው ኦይታ ከሸማ መሥሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣ መንገደኛ ይሰማኛል ሳይል፣ “ሻሺቱ! ይሄ የትኛው ነው?” ብሎ መጣራት የጀመረው። እሷ ከጓሮ ብቅ ብላ አይታ “ቀዩ!” ትለዋለች፤ እሱም መወርወሪያውን እየወረወረ ያንጎራጉራል። ጎረቤቶቹ ኦይታ መልካም የዜማ ድምፅ እንዳለው ያወቁት ያን ጊዜ ነው።