የቡላ ደም

ልብስ ሰፊው ቡላን ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ያስገቡት ከኋላ እየገፉ ነበር። ውሻው በሩን ሲያይ አራት እግሩን ተክሎ ፍንክች አልል አለ። የጀርባው ፀጉር እዚህም እዚያም ተመልጦ ቆዳው እንደ አመድ ነጥቷል። ዶክተሩ ፈንገስ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ለሁለት ወር የሚዋጥ ኪኒን አዘዘለት። ኪኒኑ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በየሦስት ሳምንቱ ደሙ እንዲመረመር አደረገ።

ደሙን የምትመረምረው ሴት በክሊኒኩ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «ድገሚው» ይሏታል፤ ውጤት ካላማራት ሳትደግም አታሳልፍም።

በሦስተኛው ሳምንት የቡላ ኮሌስትሮል ከሁለት መቶ አርባ ወደ መቶ አሥር ወርዶ አገኘችው። ደገመችው፤ ያው ነው። መሣሪያውን መጠኑ አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙና ፈተሸችው፤ እሱም ልክ ነው። ወረቀቱን ይዛ ወደ ዶክተሩ ሄደች።

የዶክተሩ ፊት ጠቆረ። ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ጉበት ነው፤ ጉበት ሲደክም ኮሌስትሮልም ይወርዳል። አምና አንዲት ውሻ በጉበት በሽታ እጁ ላይ ሞታበታለችና ሁለተኛ መዳፈር አልፈለገም። ኪኒኑ ይቋረጥ አለ።

ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰሙ ቡላን ወደ ጎናቸው ሳቡት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸውና ቡላ ብቻ ናቸው። ፀጉሩ ገና ማቆጥቆጡ ነበር፤ ቀን ከሌት ማከኩንም ትቷል። አሁን ቢቋረጥ ሁሉም ወደነበረበት ሊመለስ ነው።

ድገሚው ግን በጄ አላለችም። የጉበት ጉዳት የሚያሳዩት ሌሎቹ ቁጥሮች ንቅንቅ አላሉም። ታዲያ ኮሌስትሮሉ ብቻውን ለምን ወረደ?

«ዶክተር፣ ሁለት ቀን ስጠኝ» አለችው። «ጥፋቱ የጉበቱ ከሆነ ኪኒኑን ከእጃቸው የምነጥቀው እኔው ነኝ።»

ዶክተሩ ካመነታ በኋላ ፈቀደ፤ እስከዚያው ግን ኪኒኑ እንዳይሰጥ አለ። ጉበቱ ሥራውን መሥራቱን ለማወቅ ከምግብ በፊትና በኋላ ደም መወሰድ ነበረበት። በማግስቱ ልብስ ሰፊው አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ዳቦ ሲበሉ ቡላ ትክ ብሎ ስላያቸው ቁራሽ ሰጥተውታል። ድገሚው አልተቆጣችም፤ ግን ሳትመረምር መለሰቻቸው።

«አባባ፣ ነገ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ ከቀመሰ ልፋታችን ገደል ገባ።»

በሚቀጥለው ቀን ሁለቱም ጦማቸውን መጡ። እሱ እያየኝ እንዴት እበላለሁ አሉ ሰውየው።

የመጀመሪያው ደም ተወሰደ፤ ቡላም በላ። ሁለተኛው ደም እስኪደርስ ድገሚው የድሮ መዝገቦችን ከመደርደሪያ አወረደች። ያንኑ ኪኒን የወሰዱ አሥራ አንድ ውሾች አገኘች። የዘጠኙ ኮሌስትሮል ኪኒኑን ሲወስዱ ወርዷል፤ ከጨረሱ በኋላ የተመረመሩት ደግሞ ተመልሶላቸዋል። ዶክተሩ መጽሐፉን ገልጦ ጎኗ ተቀመጠ። መድኃኒቱ ፈንገሱን የሚገድለው ሽፋኑን የሚሠራበትን ቅባት በመከልከል ነው፤ የውሻ ሰውነትም ኮሌስትሮል የሚሠራው በተቀራራቢ መንገድ ስለሆነ ጉበቱ ሳይጎዳ ኮሌስትሮሉ ሊወርድ ይችላል።

ከቀትር በኋላ ውጤቱ ወጣ። ጉበቱ ደህና ነው።

ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና ልብስ ሰፊውን ራሱ ጠርቶ ኪኒኑን ይቀጥሉ አላቸው፤ በየሳምንቱ ግን ደሙ ይታያል። ሰውየው የድገሚውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

ቡላ ኪኒኑን ጨረሰ። ከጨረሰ በወሩ ጀርባው በፀጉር ተሸፍኖ ነበር፤ ኮሌስትሮሉም ሁለት መቶ ሃያ ገባ። ዶክተሩ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ይህን ማቅረብ ያለባት እሷ እንደሆነች ነገራት።

«አሥራ ሁለት ውሻ ጥቂት ነው» አለችው። «መጀመሪያ ሠላሳ ይሙላልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ኪኒን የሚጀምር ውሻ ሁሉ ደሙ አስቀድሞ በእሷ እጅ ያልፋል፤ ኮሌስትሮሉንም ለሠላሳው ቆጠራ ትመዘግበዋለች።