ሄራ እናቱ አይደለችም

ፊልም ሠሪዎች የጥንት ግሪኮችን ዝምድና እንደ ካርታ በበወዙት ቁጥር የምንገበገበው እኔ ነኝ። ባለፈው የሙታን አምላክ ሃዴስ የጠለፋት የገዛ ወንድሙን ልጅ መሆኑን ደብቀው ባዳ ለባዳ አጋቡልን። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ አማርኛ ተረጎምኩ። አሁን ደግሞ የአማልክቱን ንግሥት ሄራን የሄርኩለስ እናት አድርገዋት መጡ። እንጀራ እናቱ ናት እኮ። ያውም ባሏ ከሌላ ወለደው ብላ፣ ገና በአራስነቱ ሁለት እባብ የላከችበት።

«ላስተካክለው» አልኩት ዳይሬክተሩን።

«አንቺ የተባለውን ተርጉሚ። ዘር መቁጠሩን ተዪው።»

የሄርኩለስን የአማርኛ ድምፅ የሚሠራው የባለቤቴ ልጅ ነው። እናቱ በሁለት ዓመቱ ሞታበት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። መሪ ገጸ ባሕሪ ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ጠዋት ቁርስ እንኳ አልወረደለትም። ሁሉ ነገር ደህና ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ተያዘ፦ ሄርኩለስ ቆስሎ ሄራን የሚጣራበት ላይ።

«እማዬ፣ አትተዪኝ» አለ ልጁ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ።

«ድጋሚ» አለ ዳይሬክተሩ።

አሥራ ሁለት ጊዜ አስደገመው። በአሥራ ሦስተኛው ተነጫነጨ። «ማስታወቂያ ነው እንዴ የምታነበው? እስከ ምሳ ካልወጣልህ ሌላ ሰው እጠራለሁ። እናትህን ጠርተህ አታውቅም?»

አያውቅም። ድምፅ ቀራጩ አንገቱን ደፋ። ልጁ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ዳይሬክተሩን ገፋ አድርጌ ማይኩን ከፈትኩ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ተወው። ሄራ እንጀራ እናትህ ናት። ቤት እንደምትለው በል።»

«ከንፈሩስ?» አለ ዳይሬክተሩ። «ፈረንጁ ተዋናይ ከንፈሩን ገጥሞ ነው የሚጀምረው። ከእማዬ ሌላ አይሄድም።»

«አይሂድ።»

ልጁ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«እትዬ» አለ፣ «እትዬ፣ አትተዪኝ።»

ከንፈሩ ጨርሶ አልገጠመም። ዳይሬክተሩ ግን ድጋሚ አላለም። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቀረ፣ ድምፅ ቀራጩም ሳይጠይቀው ወደሚቀጥለው አለፈ።

እኔ ብቻ ተቃጠልኩ። በፊልም ሠሪዎቹ አይደለም። እትዬ ባለኝ ቁጥር «እናቱ ብሆን ኖሮ እማዬ ይለኝ ነበር» እያልኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆዴ ቂም በያዝኩበት በራሴ ነው።