የሐውልቱ ጎረቤት

አሮን ከሐውልቱ ሥር የዘረጋው ሜትር ቡናው ጥላ ውስጥ ካለው ጉብታ ሲደርስ፣ ዲቦራ የጨበጠችውን ዶማ ለቀቀችው። ሰውየው ከሚዛን ተፈሪ የመጣው ለጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ ሊለካ ነው። ጉብታውን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ይህም ተደልድሎ ጠጠር ይለብሳል አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዲቦራን ግን ጫማው ልቧ ላይ ያረፈ ያህል አመማት።

ጥፋቱ የባሏ የሕዝቅያስ ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ሸዋ ቤንች የሚሄደው መንገድ ሊሰፋ ሲል፣ በየጓሮው ያለ መቃብር ይነሳ ተባለ። ጎረቤት ሁሉ እያለቀሰ የዘመዱን አጽም አነሳ። ሕዝቅያስ ግን በወባ የሞተችውን ልጁን ሩሐማን ሁለተኛ አልቀብርም አለ። በዚያው ሰሞን፣ ከመቶ ዓመት በፊት በዚህ ያለፉ ፈረንጅ አሳሾች የሰፈሩበት ቦታ ይፈለግ ነበር። የሕዝቅያስ አያት ጓዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩና፣ እሱ ተጠየቀ። ሰፈሩ ከወንዙ ማዶ እንደነበር ሲሰማ ያደገ ሰው፣ ጣቱን ቀስሮ የገዛ ጓሮውን አሳየ። ሐውልት ቆመ፤ መንገዱም ዞረ። ዲቦራ በውሸት የተጠበቀ መቃብር አይባረክም ብላ ብትቆጣም፣ የዶዘሩን ድምፅ ስትሰማ አፏን ዘጋች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሕዝቅያስ ግን እያደር ከበደ። አሁን እውነቱን ቢናገር ሐውልቱ ወንዝ ይሻገራል፣ መንገዱም ይመለሳል። የልጄ መቃብር ነው ቢል፣ አንሣ መባሉ አይቀርም። ዝም ቢል ደግሞ መኪና ይቆምባታል።

"ልጄ፣ ይኼ አይነካም" አለው ሕዝቅያስ ወደ አሮን ቀርቦ። "ከተሸካሚዎቹ አንዱ ወባ ገድሎት እዚህ ነው የተቀበረው።"

ወባው እንኳን የልጇ ነበር።

አሮን ፊቱ በራ። "አባቴ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይነግሩን? ይኼማ ይታጠራል፤ ማንም አይረግጠውም። ስሙ ማን ነበር?"

"ስሙ ጠፍቷል።"

"የሩሐማ አባት" አለች ዲቦራ ዝግ ብላ። በዚህ ስም ስትጠራው አንድም ቀን ፊቱን አዙሮባት አያውቅም። ዛሬ አዞረ።

አሮን ፎቶ ላንሳው ብሎ ስልኩን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። ዲቦራ የባሏን ጀርባ አየች። ልትጮህ፣ ልጄ ናት ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን የጎረቤቶቿ ዘመዶች አጽም በማዳበሪያ ከረጢት ሲሄድ ያየችው ታወሳት።

ተንበርክካ የረገፈውን የቡና ቅጠል ገለጥ አደረገች። በትንሹ የእንጨት መስቀል ላይ ሕዝቅያስ በቢላዋ የቀረጸው የልጃቸው ስም ዛሬም ይነበባል። በሁለት እጇ ነቅላ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ቀዳዳውን በአፈር ደፈነች።

ከዚያ አሮን ሲመለስ፣ ለፎቶው እንዲመቸው ከመቃብሩ ራቅ ብላ ቆመች።