የዘነቡ ንባብ

ዘነቡ መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ስለ ጅቡና ስለ አህያይቱ ጮክ ብላ ስታነብ መምህርቷ ወይዘሪት ጸሐይ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። ልጅቷ አንድ ቃል አልሳተችም። የተገለጠው ገጽ ላይ ግን ጅብም አህያም የለም፤ የሚያወራው ስለ ንብ እርባታ ነበር።

«ቁጭ በይ» አለቻት።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ አስቀረቻትና ስለ ንቦቹ እንድታነብላት ጠየቀቻት። ዘነቡ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች፤ ጣቷ ግን ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

«ይቺ ፊደል ማን ናት?»

«ለ።»

«ሰ ናት። ይቺኛዋስ?»

«ሰ።»

«በ ናት፣ ዘነቡ! ሦስተኛ ክፍል አይደለሽም እንዴ?»

«ሲሰለፉ ይምታቱብኛል፣ ወይዘሪት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አነበብሽ?»

«ሌሎቹ ሲያነቡ እሰማለሁ። ከዚያ አልረሳም።»

ጸሐይ መጀመሪያ ተናደደች፤ የተታለለች መሰላት። ቆይቶ ግን ግራ ገባት። ዳይሬክተሩ አቶ ወልደዮሐንስ «ቤታቸው አማርኛ ስለማይነገር ነው» አሉ። ነገር ግን ዘነቡ አማርኛን እንደ ዲላ ከተማ ልጆች ታቀላጥፈዋለች። ጸሐይ ዓይኗን ጠርጥራ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ የጤና ረዳቱ ድሬሰር መርምሮ «ከእኔም ከአንቺም ዓይን ይሻላል» አላት። ስንፍና እንዳትል፣ ሌላው ተማሪ ጠመኔ ሳያነሳ ዘነቡ ማባዛቱን በቃሏ ትጨርሰዋለች።

«ሰኞ በጽሑፍ ትፈተን» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ በመጨረሻ። «ካልቻለች ወደ አንደኛ ክፍል ትመለሳለች።»

ቅዳሜ አባቷ ባልቻ ከጪጩ ገበያ ሲመለስ ጸሐይ ቤት ጎራ አለ። ቆቡን አውልቆ በር ላይ ቆመ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«ልጄ ደደብ ነው፣ ወይዘሪት?»

«አይደለችም።»

«ሰነፍ ነው?»

«እሱም አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም፣ አቶ ባልቻ። መምህርነት ስንማር እንዲህ ያለ ነገር አልነገሩንም።»

ባልቻ ቆቡን አገላበጠ። «ቸርች ውስጥ የመዝሙር መጽሐፍ ይዞ መዝሙሩን ሁሉ ያወጣል። እኔ ፊደል ስለማላውቅ የሚያነብ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።» ቆቡን መልሶ ደፋ። «ከሕፃናት ጋራ አንደኛ ክፍል ካስቀመጡት ይፈራል፣ ያፍራል። እንደዚያ ከሆነ ቡና ለቀማ ይሻለዋል፤ እወስደዋለሁ።»

ሰኞ ዘነቡ የፈተናውን ወረቀት ተቀብላ አጎነበሰች። ሌሎቹ መጻፍ ጀመሩ። እሷ ግን እርሳሱን እንደ ጨበጠች ቀረች፤ አንድ የእንባ ጠብታ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ጸሐይ አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ብትረዳት ማጭበርበር ይሆን? ባትረዳትስ ምን ይባላል?

ሌሎቹ አስረክበው ሲወጡ ጸሐይ ወንበሯን ስባ ዘነቡ አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔ አነብልሻለሁ። አንቺ መልሱን ንገሪኝ።»

«አቶ ወልደዮሐንስ ቢያዩንስ?»

«ለእሳቸው እኔ እመልሳለሁ። ስሚኝ።»

ዘነቡ መለሰች፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ ጥያቄው ሳያልቅ። ጸሐይም ልጅቷ ያለችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፈችው። የተሳሳተችውንም እንደ ተሳሳተች አሰፈረችው።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ልትደባልቀው አንስታ፣ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ከአናቱ ላይ «ጥያቄው ተነብቦላት በቃሏ የመለሰች» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ የራሷን ስም ፈርማ፣ ወረቀቱን ለብቻው ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አመራች።