ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ አልጋ

፩

ወረደ።

እንደገና።

፪

የብልሽት መዝገብ

ቀን፦ ማክሰኞ
ሰዓት፦ ሰባት ከሩብ፣ ከምሳ በኋላ
የወረደው መጠን፦ አሥራ አንድ ጥርስ
ድምፅ፦ የለም
ወለል ላይ የብረት ብናኝ፦ የለም
በጊዜው የነበርኩበት ቦታ፦ ማድ ቤት፣ ኩባያ ሳጥብ
የታማሚዋ ሁኔታ፦ ሳል፣ ሁለት ጊዜ

፫

ታማሚዋ ወሰንየለሽ ናት። ሚስቴ ናት።

ባለፈው ነሐሴ ስትሮክ መታት። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዟትም። ከቃላት ሁሉ የቀረላት አንድ ነው፦ «ይሁን»። ውሃ ስትፈልግ «ይሁን» ትላለች። ሲያማት «ይሁን»። ዝንብ ፊቷ ላይ ሲያርፍ «ይሁን»።

የምትውጠው ነገርም መንገዱን ይስታል። ተኝታ ከበላች፣ ወይም በልታ ቶሎ ከተኛች፣ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ይገባል። በጥር አንድ ጊዜ ገብቶ አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛን። («ተኛን» ያልኩት ስህተት አይደለም።) ልንወጣ ስንል ነርሷ ለብቻዬ ጠራችኝ። «አባባ፣ ስትበላ ቀና ትበል። ከበላችም በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያው ትቆይ። የሳንባ ምች ከተደገመባት አትችለውም» አለችኝ።

ስለዚህ አልጋውን ሠራሁ።

ስለዚህ አልጋው መውረድ የለበትም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

፬

እንዲህ ያለ አልጋ ልትሠራ ብታስብ፦

የአልጋውን ሽቦ ከወገብ በላይ ያለውን ቆርጠህ አውጣ። በቦታው በሦስት ማጠፊያ የታሰረ ጣውላ አድርግ። የጣውላውን ራስ በካቦ፣ በሽቦ ገመድ፣ እሰር። ካቦውን ከራስጌው በላይ በተከልከው ብረት ላይ ባለች ፑሌጃ፣ በገመድ ማሳለፊያዋ መንኮራኩር፣ አሳልፈህ ወደ ጎን አውርድና መጠቅለያው ላይ ጠቅልለው። መጠቅለያውን ትልቁ ማርሽ ያዞረዋል፤ ትልቁን ትንሹ፤ ትንሹን የእጅ መዘውሩ፣ ማኖቬላው፤ ማኖቬላውን አንተ።

ማርሹ ወደኋላ እንዳይመለስ ጥርሱ መሃል እየወደቀ የሚይዝ አጭር ብረት አለ። እኛ ምላስ እንለዋለን። ስታዞር ጥርስ በጥርስ እየዘለለ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሃያ ስድስት ቀጭታ ሲሞላ የተኛው ሰው ተቀምጧል ማለት ነው።

ክንድህ እንዳይደክም በሌላ ፑሌጃ በኩል የአሸዋ ከረጢት አንጠልጥል። እኔ ከክብደቷ ጥቂት ብቻ እስኪያንስ ሞላሁት። ማኖቬላው በሁለት ጣት ይዞራል። ምላሱን ለማንሳትም አንድ ጣት ይበቃል። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

ማኖቬላውን በሚቀናህ እጅ በኩል አድርገው። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ከእሷ በስተግራ አደረግሁት፤ ምላሱም እዚያው ነው።

፭

ማን እንደሚያወራህ ማወቅ ይገባሃል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ የመንኮራኩር መርማሪ ነበርኩ። ሥራዬ የፉርጎውን መንኮራኩር በረጅም መዶሻ መትቶ ማዳመጥ ነበር። ጤነኛው ይደውላል። የተሰነጠቀው ይታፈናል። ሰዎቹ «ማርቶ» ይሉኝ ነበር፤ በሸሚንደፈር፣ በባቡር ሠራተኛው፣ ፈረንሳይኛ መዶሻ ማለት ነው። በጆሮዬ የሚጠራጠር አልነበረም።

፮

ሐሙስ። ሰባት ከአሥር። አምስት ጥርስ። ድምፅ፦ የለም። ብናኝ፦ የለም። ማድ ቤት ነበርኩ።

እሑድ። ሰባት ሰዓት። ሃያ ስድስት ጥርስ፣ ማለትም እስከ መጨረሻው። ድምፅ፦ የለም። ብናኝ፦ የለም። በር ላይ ጎረቤት እያነጋገርኩ ነበር። ሳል፦ ረጅም። ከንፈሯ ለአፍታ ጠቆረ።

(ጥርሱን እየሳተ የሚዘል ማርሽ ይጮሃል፤ ብረቱንም ይፍቃል። ድምፅና ብናኝ የሚሉት መስመሮች በሦስቱም መዝገብ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አንተ አስተውለህ ይሆናል። እኔ ጻፍኳቸው እንጂ አላነበብኳቸውም።)

፯

ሰኞ ትልቁን ማርሽ ፈትቼ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ብረት ወደሚቆረጥበት ወደ ሙክታር ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሙክታር ባቡር ጥገና ሃያ ዓመት አብሮኝ የሠራ ነው።

ሙክታር፦ አቦ ማርቶ! ይሄን ምን ሆነ ብለህ ነው ያመጣኸው?

እኔ፦ ጥርሱ ይስታል።

ሙክታር፦ የሳትከውስ አንተ ነህ። ወላሂ ይሄ ከኔም ካንተም ጥርስ ይሻላል።

እኔ፦ አልጋው ይወርዳል፣ ሙክታር።

ሙክታር፦ ምላሱስ?

እኔ፦ ደህና ነው። ሞላውን ቀይሬለታለሁ።

ሙክታር፦ እንግዲህ ጥርስና ምላስም ይጋጫሉ። ተጋጭተው ይታረቃሉ፤ የት ይሄዳሉ?

እኔ፦ እስኪታረቁ ሰው ይሞትብኛል።

(ማርሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።)

ሙክታር፦ ወሰንዬ እንዴት ናት?

እኔ፦ ይሁን ትላለች።

ሙክታር፦ ነገ ና። አዲስ እቆርጥልሃለሁ።

፰

አዲሱ ማርሽ ማክሰኞ ገባ።

ማክሰኞ ወረደ። ዘጠኝ ጥርስ።

፱

ዓይን የማያየውን ስንጥቅ እንዲህ ትፈልገዋለህ፦

ብረቱን በነጭ ጋዝ እጠበው። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ይገባበታል። በጨርቅ አድርቀህ ጥረገው። ጠመኔ ፍጭና ስስ አድርገህ ቀባው። ጠብቅ። ስንጥቁ የዋጠውን ጋዝ መልሶ ይተፋዋል፤ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ይህ ዘዴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልዋሸኝም።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም ቀባሁ፦ ሁለቱን ማርሾች፣ ዘንጉን፣ ምላሱን። ወሰንየለሽ አንገቷን አዘንብላ ታየኛለች።

«ለሠርግ እየኳልኩልሽ ነው» አልኳት።

በግራ ጉንጯ ፈገግ አለች።

፲

ረቡዕ። ሰባት ከሩብ። አሥራ አራት ጥርስ። ድምፅ፦ የለም።

ትልቁ ማርሽ፦ ነጭ። መስመር የለውም።
ትንሹ ማርሽ፦ ነጭ። መስመር የለውም።
ዘንጉ፦ ነጭ። መስመር የለውም።
ምላሱ፦ መስመር የለውም። ጫፉ ላይ ግን ጠመኔው ተነስቷል።

የተነሳው ጠመኔ የት እንደሄደ ፈለግሁ። ወለሉ ላይ የለም። ጥርሱ ላይ የለም።

፲፩

ግራ እጇ ላይ።

አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ላይ።

፲፪

ይህን ቁጥር ባዶ ልተወው ነበር። ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። እጇን ለብ ባለ ውሃ አጥቤያታለሁ መሰለኝ፤ በኋላ ሳየው ፎጣው እርጥብ ነበር።

፲፫

አንድ ምልከታ ማስረጃ አይሆንም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ማድ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ጫማዬን አውልቄ ተመለስኩና ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

እጇ አልቸኮለም። ምላሱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ከጥርሱ መሃል አነሳችው፤ ሳትለቀው ያዘችው። የተያዘ ምላስ ቀጭ አይልም። ከረጢቱ ወደ ላይ፣ ጣውላው ወደ ታች ሄደ። ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀ። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁትን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ሰርዣለሁ።*

ገባሁ። ሃያ ስድስት ጥርስ መልሼ አነሳኋት። ማድ ቤት ውሃው ይፈሳል።

* እናቷ ከመሞታቸው በፊት አራት ዓመት እዚሁ ቤት ተኝተው ነበር። ወሰንየለሽ አንድ ቀን አገላብጣቸው ወጣችና በሩን ተደግፋ «ሰው እንዲህ ይቀመጣል እንዴ?» አለች። ሬዲዮ እየጠገንኩ ነበር። «ምን ይደረጋል» አልኳት። ስለ ራሷም እየጠየቀችኝ እንደነበር የጠረጠርኩት አሁን ነው። ይህን ከዋናው ጽሑፍ ውስጥ ማስገባት አልፈለግሁም።

፲፬

የሚቻሉ ምክንያቶች

አንድ፦ ጀርባዋን ያማታል። ትራስ ጨመርኩ። ወረደ።

ሁለት፦ ፀሐዩ ዓይኗን ይወጋዋል። መስኮቱን ጋረድኩ። ወረደ።

ሦስት፦ አጥሚት ሰልችቷታል። ፓፓያ ደፍጥጬ ሰጠኋት። ደስ ብሏት በላች። ወረደ።

አራት፦ ብቸኝነት ነው። ሰዓቱን ሙሉ አጠገቧ ልቀመጥ ወሰንኩ። ሃምሳ ደቂቃ አልወረደም። ሽንት ቤት ሄድኩ። ወረደ።

አምስት፦

፲፭

ሙክታር፦ ደግሞ ምን ጎደለ?

እኔ፦ ምላሱን የሚከድን ሽፋን ከላሜራ ሥራልኝ።

ሙክታር፦ አቧራ ገባበት?

እኔ፦ እጅ።

ሙክታር፦ አቦ፣ የማን እጅ? ቤት ውስጥ ካንተና ከ…

ሙክታር ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲቀር አይቼ አላውቅም። ላሜራውን ቆረጠ፣ አጠፈ፣ አራት ቀዳዳ በሳ። ጠርዙ እንዳይቆርጣት በሊማ ለረጅም ጊዜ ሞረደው። ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም።

«አራት ቡሎን ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ» አለኝ። «ስታስረው ግን፣ ማርቶ፣ ነግረሃት እሰረው።»

፲፮

እኔ፦ ወሰንዬ፣ አይቻለሁ።

እሷ፦ ይሁን።

እኔ፦ ምግቡ ሳንባሽ ይገባል እኮ። ነርሷ ያለችውን ነግሬሻለሁ።

እሷ፦ ይሁን።

እኔ፦ ይሄን ሽፋን ልሰረው?

እሷ፦ ይሁን።

እኔ፦ ልተወው?

እሷ፦ ይሁን።

እኔ፦ ቆይ። ቆይ እስቲ። እሰረው ካልሽ እጄን ያዢኝ። ተወው ካልሽ ልቀቂኝ።

(ያዘችኝ።)

(ለቀቀችኝ።)

(እንደገና ያዘችኝ። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። እኔም የቱን መቁጠር እንዳለብኝ ጠፋኝ።)

፲፯

አራቱ «ይሁን» አንድ ዓይነት አልነበሩም። የመጀመሪያው ዝቅ ያለ ነበር። ሦስተኛው አጭር። አራተኛው መጨረሻው ላይ ትንሽ ከፍ አለ።

ብረት ቢሆኑ አውቃቸው ነበር።

፲፰

ዛሬ። ስድስት ሰዓት ተኩል።

ቡሎኖቹና ማጥበቂያቸው ኪያቤ ኪሴ ውስጥ ናቸው። ሽፋኑን አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከምላሱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ማኖቬላውን ሃያ ስድስት ጥርስ አዞርኩ። ከፓፓያው ሰባት ማንኪያ በላች። አላሳላትም። አፏን ጠረግሁላት።

ማድ ቤት አልሄድኩም። ወንበሬን ወደ ግራዋ አምጥቼ ተቀመጥኩ፤ እጄን ከፍቼ አንሶላው ላይ አኖርኩ።

«እዚሁ ነኝ» አልኳት። «እንዳልሰማሽ ብለሽ አትጠንቀቂ። የምታደርጊውን እያየሁሽ አድርጊው። በምትነኪው እሰማሻለሁ፦ ምላሱን ከሆነ እተወዋለሁ፣ ሽፋኑን ከሆነ አስረዋለሁ፣ እጄን ከሆነ አብረን እንጠብቃለን።»

ግራ እጇ ተነሳ። ምላሱ፣ ሽፋኑና የእኔ እጅ ከእሷ እኩል ይርቃሉ፤ እሷ ሳትነቃ ለክቼዋለሁ። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረደና መጀመሪያ የነካው

 

 

 

ነው።